ዳለቻ የተከተበ ዕለት

ዙሀራ በዕድሜዋ ውሻ ነክታ አታውቅም። ዳለቻ የልጇ የሙርሺድ ውሻ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያድራል። የሚበላውን በተሰነጠቀ ሳህን አስቀምጣለት ትመለሳለች፤ እሱም ዞር እስክትልለት ጠብቆ ይበላል። እንዲህ ተከባብረው ይኖራሉ። ሙርሺድ ግን ከውሻው ጋር ይታገል፣ አብሮት ይሮጥ ነበር። ቡናው ቀልቶ ዝንጀሮ ሲመጣ አንድ ጊዜ ያፏጭለታል፤ ዳለቻ ቁልቁል ይወረወራል።

ሙርሺድ አምና ቡናው ከተለቀመ በኋላ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ከናይሮቢ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ትቶት የሄደው ጥቁር ጃኬት ከአልጋው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ዙሀራ አላጠበችውም። ቤቱ ጭር ሲልባት ኮሌታውን ወደ ፊቷ ታስጠጋዋለች። ላብ፣ የቡና ገለባ፣ ትንሽም የሞተር ሳይክል ዘይት ይሸታል። ዓይኗን ከጨፈነች ልጇ አጠገቧ የቆመ ይመስላታል።

በዚህ መካከል የቡ ከተማ ዳርቻ ላይ አንድ ያበደ ውሻ ልጅ ነከሰ። የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ ተስማማ። ሐሙስ ውሻ ሁሉ ይከተባል፤ የተከተበው አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ከዚያ በኋላ ቀይ ጨርቅ የሌለው ውሻ መርዝ ይሰጠዋል።

ሐሙስ ከጅማ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሣህሉ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ከሠፈሩ ዋንዛ ሥር ተቀመጠ። ሰው ውሻውን በገመድ እየጎተተ መጣ። ዳለቻን የሚጎትተው አልተገኘም። ወደ ማምሻው ሣህሉ ራሱ፣ ከጎረቤቷ ከቦና ጋር፣ ዙሀራ ደጅ ደረሰ።

«እናቴ፣ አንገቱን ይያዙልኝና ልውጋው።»

«እኔ ነክቼውም አላውቅ።»

«ታዲያ ማን ይይዘዋል?»

«ባለቤቱ አገር ውስጥ የለም» አለች ዙሀራ።

ቦና ገመዱን አጠላልፎ ጠጋ አለ። ዳለቻ ጥርሱን ሲያሳየው ገመዱን ጥሎ አጥሩ ላይ ወጣ።

«ዶክተር፣ ይሄ መርፌውን ቀምቶ አንተን ነው የሚከትብህ» አለ እዚያው እንዳለ።

«ገመዱን ጥለህ ደግሞ ትቀልዳለህ?» አለችው ዙሀራ።

«ሀደ ሙርሺድ፣ ገመዱን ባልጥል ጣቴን ልጥል ነበር እኮ» አለ፣ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ የሙርሺድ እናት ብሎ እየጠራት።

ሣህሉ ፀሐይዋን አየ። «ሌላ ሠፈር ይጠብቁኛል፣ እናቴ። ካልተያዘ ምንም ላደርግለት አልችልም።»

ዙሀራ ዳለቻን አየችው። ሙርሺድ ቢመጣ፣ ወይም አንድ ቀን ስልኩ ቢጠራና «ዳለቻስ?» ቢላት፣ ምን ትመልስለታለች? ተመርዞ መንገድ ዳር ተጥሎ ነበር ልትለው ነው? በድንገት ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ጃኬቱ ዘንድ ስትደርስ እጇ ቆመ። በሃይማኖቷ ሕግ፣ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ እንዲሰገድበት ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ከዚያ በኋላ ከልጇ ጠረን ምንም አይተርፍም። ኮሌታውን ለመጨረሻ ጊዜ አሸተተችና ለበሰችው። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ሸፈነ።

በሩ ላይ ቁጢጥ ብላ «ኮቱ፣ ዳለቻ፣ ኮቱ» ብላ ጠራችው፤ ልጇ እንዲሁ ነበር በኦሮምኛ ና የሚለው። ውሻው አፍንጫውን ቀና አደረገ። አንድ እርምጃ መጣ፤ ቆመ። ከዚያ እየሮጠ መጥቶ ጭንቅላቱን ብብቷ ሥር ወሸቀው። ኮሌታውን ላሰ፣ እጅጌውን ላሰ፤ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። ዙሀራ እጆቿ በረጅሙ እጅጌ እንደተሸፈኑ አንገቱን አቀፈች። ልቡ ሲመታ እጇ ላይ ተሰማት። ሙርሺድን እንዲህ የምትናፍቀው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

ሣህሉ ከኋላ የትከሻውን ቆዳ ብድግ አድርጎ ወጋው። ዳለቻ ዞሮም አላየው። ቀዩን ጨርቅ አሰረለትና «ለዓመቱ ይደገማል፣ እናቴ» አላት።

«ለዓመቱ ባለቤቱ ይይዘዋል፣ ኢንሻ አላህ።»

ቦና አሁን አልቀለደም። ከአጥሩ ወርዶ ውሃ ሊቀዳላት ጀሪካኑን አነሣ።

ዙሀራ ጃኬቱን ሳፋ ውስጥ ከታ መጀመሪያ በአፈር አሸችው። ውሃው ጠቆረ። ደፍታ ሌላ ጨመረች፤ ደግሞ ደፋች። እያጠራች ሄዳ የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። እርጥቡን ኮሌታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ትንሽ ነገር የቀረ መሰላት። እዚህ ላይ ብትተወው ማንም አያውቅባትም፤ የቀረችውም ሽታ ለእሷ ትቀርላት ነበር።

ግን ሙርሺድ ሲመጣ የክረምቱ ብርድ ከያዘው መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንን ነው። ለብሶትም ይሰግዳል።

ውሃውን ጨመረችና ኮሌታውን ከሌላው ሁሉ አጥብቃ አሸችው።