የእሑዱ «አለሽ?»

ሮማነወርቅ የቤት ስልኳን የምትወደው ለአንድ ጥሪ ብላ ነው። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከመቂ ይደወላል። ደዋዩ ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ናቸው።

«አለሽ?» ይላሉ።

«አለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉና ይዘጋሉ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ጠቡ የተጀመረው በልጇ በኮከብ ሠርግ ነው። የዚያን ዕለት ሁለት ድንኳን ተጥሎ ነበር። አስተናጋጆቹ ሳያውቋቸው ጋሼን፣ የሙሽራዋን አጎት፣ ወስደው ሁለተኛው ድንኳን ውስጥ ከቪዲዮ ቀራጮቹ ጋር አስቀመጧቸው። ጋሼ እህል ሳይቀምሱ ተነሡና በሩ ላይ ቆመው «በሕይወት እስካለሽ ድረስ ይህን ደጅ ብረግጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» ብለው ማሉ። ስልክ መደወል ግን ደጅ መርገጥ አይደለምና በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ። ሮማነወርቅም በበኩሏ «ጥለውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው» ብላ ሲደወል ታነሣ እንደሆን እንጂ አንድ ቀን እንኳ ደውላ አታውቅም።

ስለዚህ ኮከብ «እማዬ፣ ይሄን አሮጌ መስመር በኢንተርኔት በሚሠራው እንቀይረው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው» ስትላት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቁጥሩ ይቀየራል?»

«አይቀየርም እትዬ» አለ ሊገጥም የመጣው አዶኒያስ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆመ። «ቁጥሩ ያው ነው፣ መንገዱ ነው የሚለየው። ድሮ በዚህ ሽቦ ነበር የሚመጣው፤ አሁን በኢንተርኔት ይመጣል።»

«ከመቂም?»

«ከጨረቃም ቢሆን!»

«ከጨረቃ የሚደውልልኝ የለኝም። ከመቂ ይምጣልኝ እንጂ።»

አዶኒያስ አንዲት ነጭ ሣጥን ሶኬቱ ላይ ሰካ፤ አረንጓዴ መብራቶቿ ብልጭ ብልጭ አሉ። ከሞባይሉ ደውሎ ሲሞክረው ስልኩ ጮኸ። ሮማነወርቅ አማተበች። እሱ አሮጌውን ሽቦ ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ ገባ፤ እሷ ደግሞ ስልኩ ላይ የነበረውን ዳንቴል አስተካክላ፣ ሣጥኗም እንዳይከፋት ሌላ ዳንቴል አለበሰቻት።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ መብራት ጠፍቷል። ግድ አልሰጣትም። ስንት መብራት ሲጠፋ ስልኳ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። እጀታውን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ብታደርገው ድንጋይ ያዳመጠች ያህል ነው።

ኮከብ መጥታ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገችና ከንፈሯን ነከሰች። «እማዬ፣ ይሄ ለካ ያለ መብራት አይሠራም።» ለአዶኒያስ ብትደውልለት «አልጠየቃችሁኝማ!» አላት።

«በቃ በእኔ ሞባይል ደውይላቸው» አለች ኮከብ።

«እኔ ልደውል? ሰባት ዓመት ሳልደውል ቆይቼ? አላደርገውም! አንቺ ደውለሽ ንገሪልኝ።»

ጋሼ ሞባይል አይዙም፤ የቤታቸውም ስልክ ተይዟል። ኮከብ ከቤታቸው አጠገብ ሱቅ ላላት ለጫልቱ ደወለች።

«አካም ጂርታ ኮከቤ!» አለች ጫልቱ። «ጋሼ እዚሁ ቆመዋል። አሥር ጊዜ ደውለው አልነሣ ብሏቸው ነው የመጡት። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት! በጣም ደህና ናት! ስልኩ ነው የተበላሸው።»

«በጣም ደህና ናት?» የጫልቱ ድምፅ ወረደ። «እስቲ አቅርቢያት ይላሉ።»

ኮከብ ሞባይሉን ወደ እናቷ ዘረጋች። ሮማነወርቅ በሁለት እጇ አይሆንም፣ አይሆንም አለች።

«አሁን... አይመቻትም።»

«ለምን? ተኝታ ነው?»

«አዎ፣ ተኝታለች። ደግሞ ጫልቱዬ፣ ደም ግፊታቸው ከፍ እንዳይል። አረጋጊልኝ፣ እንዳይደነግጡ።»

«እሺ የኔ እናት» አለች ጫልቱ፤ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። «አይዟችሁ።»

«ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽልኝ» አለች ሮማነወርቅ።

ስንት ቤት መርዶ ይዛ የሄደች ሴት ይህ እንዴት እንዳመለጣት እግዜር ይወቅ። ሞት በስልክ አይነገርም። በስልክ የሚነገረው «ደህና ናት» ነው። «በጣም ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ አትደንግጡ» የተባለ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ መኪና ይፈልጋል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከውጭ «እህቴን! እህቴን!» የሚል ጩኸት መጣ። ሮማነወርቅ «የማን ቤት ይሆን?» ብላ ነጠላዋን ደረበችና ለማስተዛዘን ወጣች። በሯ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ለአዲስ አበባ ገበያ የተጫነ ነው፤ ከጆንያው በላይ አሥራ አምስት የመቂ ሰው፣ የታጠፈ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለ። ሽንኩርቱ ላይ የተቀመጡት ዓይናቸው ቀልቶ መድረሳቸው ለቅሶውን አድምቆታል። የሰፈሩ ሰው ማን ሞተ ሳይል መጥቶ ያለቅሳል። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዲበኩሉ መዝገባቸውን ታቅፈው እየተቆጡ ደረሱ።

«ሮማነወርቅን የሚያህል አባል ሲሞት ለእድሩ ሳይነገር? ሕጉ ምን ይላል?»

«አልሞትኩም እኮ» አለች ሮማነወርቅ ከአጠገባቸው።

«እሱን ለስብሰባው ታቀርቢያለሽ!» አሉና መዝገባቸውን ገለጡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት፤ መዝገቡ ከእጃቸው ወደቀ።

ጋሼ ከሾፌሩ ጎን በሰው ተደግፈው ወርደው ደረታቸውን እየመቱ በሩን አልፈው ገብተው ነበር። ሮማነወርቅ ወደ ግቢው ዞር ስትል ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየቀጠነ ጸጥ አለ።

«አለሽ?» አሉ ጋሼ።

«አለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና፣ ስልክ እንደሚዘጉ ሁሉ፣ ዞረው ወደ መኪናው መራመድ ጀመሩ።

«ጋሼ!»

ቆሙ። እግራቸውን አዩ፤ ግቢው ውስጥ ነው። «በሕይወት እስካለሽ ብዬ ነበር የማልሁት» አሉ። «ሞታለች ብዬ ገባሁ፤ አለሽ። አሁን ምን ልሁን?»

ሮማነወርቅ ከሰባት ዓመት ኩራቷ የተረፈውን ዋጠች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮከብ ሞባይሉን ስትሰጠኝ እኔ ነኝ አላናግርም ያልኩት። ሚካኤል ምሕረት ለማኝ ነው፤ ነገ አብረን ሄደን ንስሐ አባቴን እንጠይቃለን።» ወደ አይሱዙው ዞረች። «ምን ታያላችሁ? ድንኳኑን አውርዱ!»

«ማን ሞቶ?» አሉ አቶ ዲበኩሉ።

«ማንም! ትከሉ አልኩ!»

ድንኳኑ ተተከለ። ጋሼን ክንዳቸውን ይዛ የክብር ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ጋሼ ግራ ቀኝ አዩ።

«ሌላ ድንኳን አለ?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

«ቪዲዮ ቀራጭስ?»

«የለም ጋሼ።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉና ተደላደሉ። እንጀራና የጾም ወጥ ከየጎረቤቱ መጣ፤ ሽንኩርት አልጠፋም። «ከእንግዲህ እሑድ የምደውለው እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«መብራት ከጠፋስ?»

«ያን ጊዜ እርስዎ ይመጣሉ።»

ይህን ሲባባሉ መብራት መጣ። ሣጥኗ በዳንቴሉ ቀዳዳ አረንጓዴ ብልጭ ብልጭ አለች፤ ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ራሳቸው ገብተው አነሡት። ደዋይዋ ጉልበቷን ስለሚያማት መቂ የቀረችው ሚስታቸው በላይነሽ ናት።

«በላይነሽ፣ ደህና ናት!» አሉ ጋሼ በደስታ። «በጣም ደህና ናት! አትደንግጪ!»

ከወዲያኛው ጫፍ የወጣው ዋይታ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። ኮከብ እንዳለችውም ጥርት ያለ ነበር።

ጋሼ እጀታውን ለእህታቸው አቀበሉ። ሮማነወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አለሁ» አለች።