የተደፉ ስኒዎች

አንድ ሰው አባቱ ይቀመጡበት የነበረ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ስንት ዓመት መማር አለበት? ምሁሩ ባሕር ማዶ ተምሮ፣ ተምሮ፣ ተምሮ ተመልሷል፤ ወንበሩ ግን አሁንም ባዶ ነው።

"ምሁሩ" ያሉት አባቱ የነበሩበት የሻይና የወግ ክበብ ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለመሳቂያ። ክበቡን የመሠረቱት አባቱና ጓደኞቻቸው ሲሆኑ፣ ያኔ ቤቱ ከጡብ ፋብሪካው ማዶ፣ ከከተማው ጫፍ ነበር። ከተማው እያደገ መጥቶ ዋጠውና ዛሬ በባንክና በመኪና ማቆሚያ ፎቅ መሃል፣ በሁለት ወፍራም ተሳፋሪዎች መካከል እንደተቀመጠ ሕፃን ተሸማቆ ቆሟል። አባልነት በውርስ አይገኝም። ሊቀመንበሩ አጎቱ ግን አባቱ ባረፉ በዓመቱ አንድ መንገድ ከፈቱለት።

"የክበቡን ታሪክ ጻፍና ለአባላት አንብብ። ከወደዱት የወንድሜ ወንበር ያንተ ነው።"

ምሁሩ ጻፈ። መጻፍ ብቻ? ቆለለ እንጂ! ከከተሞች መስፋፋት ጀምሮ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ቀጠለ። ማታ ራሱን ይጠራጠራል፤ ጠዋት ጥርጣሬውን ለማባረር አንድ ምዕራፍ ይጨምራል።

በንባቡ ዕለት አባላቱ ሻይ ይዘው ተቀመጡ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሳያልቅ መድኃኒት ቀማሚው ስኒያቸውን ጨልጠው ማስቀመጫው ላይ ደፉት። ልብስ ሰፊው ተከተሉ። የምሁሩ ልብ ሞቀ። ይህን ሥርዓት ያውቀዋላ! በአባቱ መታሰቢያ ላይ እሱ ሲናገርም ስኒው ሁሉ እንዲሁ ተደፍቶ፣ እንባው መጥቶ ነበር። ወዲያው ስለዚሁ ሥርዓት የጻፈውን ገጽ ፈልጎ አወጣ።

"ስኒ መድፋት" ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ "የክበቡ ነባር የሐዘን ሥርዓት ሲሆን..."

መሬት ቀያሹን ሻይ ትን አላቸው።

"የምን አለ?"

"የሐዘን!"

"ሐዘንስ ሐዘን ነው፤ የኛ ግን!" አሉ ልብስ ሰፊው።

አጎቱ በሳቅ የረጠበ ዓይናቸውን ጠረጉ። "የኔ ልጅ፣ ስኒ ሲደፋ ይበቃሃል፣ ተቀመጥ ማለት ነው።"

"በመታሰቢያው ቀንስ?"

ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

"የዚያን ቀን" አሉ መድኃኒት ቀማሚው በመጨረሻ፣ "የሦስተኛውን ፈላስፋ ስም ስትጠራ አጠገቤ የተቀመጠውንም ሰው ስኒ ደፍቼልሃለሁ።"

"ለመሆኑ ደንቡ በማን ምክንያት የወጣ ይመስልሃል?" አሉ አጎቱ። "በአባትህ! አፉን ከከፈተ ልጓም አልነበረውም።"

ምሁሩ ወረቀቱን አጠፈ። ቤት ውስጥ አንድ ቃል ማውጣት እንደ ጥርስ ነቀላ የሚከብዳቸው አባቱ፣ እዚህ ስኒ ሲያስደፉ ኖረዋል። እሱም ይህን ሁሉ ዓመት በወሬኛነቴ በማንም አልወጣሁም ሲል ነበር!

"ወንበሩስ?" አለ።

"አሳጥረህ ና።"

ቤቱ ገብቶ መቁረጥ ጀመረ። ከተሞቹ ሄዱ፣ ብቸኝነቱ ሄደ፣ ፈላስፎቹ ተራ በተራ ተሰናበቱ። አንድ ገጽ ቀረ፤ ስለ አንድ ወሬኛ ሰውና ስለ ታጋሽ ጓደኞቹ። ግን መሃሉ ባዶ ነበር። ወሬው ራሱ የለበትም።

ስልኩን አንስቶ ለአጎቱ ረጅም መልእክት ጻፈ፤ አጠፋው። እንደገና ጻፈ፣ አጠፋው። በመጨረሻ ስለ ወንበሩ ማንሳቱን እንኳ ረስቶ ይህን ላከ፦

"አጎቴ፣ አባባ እዚያ ምን ምን ነበር የሚያወሩት?"

አጎቱ መልእክቱን ማየታቸውን ስልኩ አመለከተ። መልስ ግን በዚያ ቀን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም፤ አጎቱ በዚህኛውም ላይ ስኒያቸውን የደፉ ይመስል፣ የገጹ መሃል እንደ ወንበሩ ባዶ ቀረ።