ወደ ኋላ የማያይ ሰው

አብዱልጀባር ለዓመታት ኳስ ተጫውቷል፤ ኳስ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ይህን ያወቁ የጆሃንስበርጉ ዱርንፎንቴን ሰፈር ነጋዴዎች ሱቅ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ሲጫወቱ፣ «ታዲያ ሜዳ ገብተህ ምን ትሠራለህ? አጥር ነህ?» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እርሱም «አዎን፣ አጥር ነኝ» ብሎ ያልፋቸዋል። ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር እንጂ ከልቡ ነበር የሚናገረው።

ጨዋታው የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ ኳሱ በሁለት ጫፉ የሾለ፣ በእጅ የሚወረወር፣ ተጫዋቾቹ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት። በጆሃንስበርግ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ሆኖም ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለችው ሣሯ የሳሳ ሜዳ እሑድ እሑድ የሚሰበሰብ አንድ ክለብ ነበር፤ ተማሪም፣ ዘበኛም፣ ባለሱቅም የተቀላቀለበት። ኳሱን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚያዝዘው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ተመልካች የሚያየው እርሱን ነው። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ፤ ተግባራቸው ከወዲያኛው ወገን እየተንደረደረ የሚመጣውን ሁሉ በደረታቸው ተቀብለው ለኳርተርባኩ ፋታ መስጠት ነው። አብዱልጀባር ከአምስቱ የግራውን ጫፍ ይይዛል። ከሁሉም የከበደው ቦታ ያ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ሲዞር ጀርባው የሚጋለጠው በግራ በኩል ነውና።

አሠልጣኙ ኮች ምቩላ፣ አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ የሶዌቶ ሰው፣ ለዚህ መስመር ሰው ሲመርጥ ግዝፈትን ብቻ አይመለከትም ነበር። የሚፈልገው እግሩ እንደ ቀጭን ሰው የሚፈጥን፣ ዳሌውን ዝቅ፣ ወገቡን ቀጥ የሚያደርግ፣ ከሁሉም በላይ ሲመታ የማይቆጣ ሰው ነው። የተቆጣ ሰው እጁን ዘርግቶ የባላጋራውን ልብስ ይጨብጣል፤ ያም ጥፋት ነው። «የመስመር ሰው ቁጥሩ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ሳትጠሩ ወደ ቤታችሁ ከገባችሁ ጥሩ ውላችኋል» ይላቸው ነበር።

ሌላም ሕግ ነበረው፤ ወደ ኋላ አይታይም። ዓይኑን ከፊቱ ያነሣ ሰው ወዲያውኑ ይታለፋል። ከኋላው የሆነውን የሚያውቀው ከሕዝቡ ጩኸት ነው። ይህም የዕውር እምነት አልነበረም፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ሁሉም ክብ ሠርተው ይመካከራሉና። አንዳንዴ ኳርተርባኩ ሊወረውር የቆመ መስሎ በሌላ በኩል ይወጣል፤ መስመሩ ያን ጊዜ ማንም የሌለበትን ስፍራ ሲጠብቅ ይደበደባል። ነገር ግን አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ባዶ መሆኑን እያወቀ ይቆማል። በዚህ አያፍርም፤ እንዲያውም ይኮራበታል።

የክለቡ ኳርተርባክ የአጎቱ የሀጂ አብዱልመጂድ ልጅ ሙሰብ ነበር፤ ቀጭን፣ ምላሱም እጁም ፈጣን፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ። ሀጂ በዱርንፎንቴን ብርድ ልብስና የትምህርት ቤት ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ። የእኅታቸውን ልጅ አብዱልጀባርን ከስልጤ አስመጥተው፣ መጀመሪያ ከብርድ ልብሱ ክምር ኋላ አስተኝተው፣ በኋላም ቤሪያ በሚባለው ሰፈር ክፍል እንዲከራይ ፈቅደውለታል። «አንተ እኮ ልጄ ነህ» ይሉታል፤ ይህን የሚሉት ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣ ከባድ ዕቃ ሲኖር ነበር። አብዱልጀባር ይህን ሳይታዘብ ቀርቶ አይደለም። ከዚያ ቤት የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃሉ እውነት ሆኖ ከልጅ እኩል መቆጠር። አንድ ቀን ያ ቃል ይፈተናል፣ ያን ቀንም በቦታዬ እገኛለሁ ብሎ ያምን ነበር።

በመስመሩ ከአጠገቡ የሚቆመው ማናሴ ነው፤ የከምባታ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ከሚስቱ ከፊቤ ጋር ከከተማው ወጣ ባለችው በቶኮዛ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለው። ሁለቱ ሳይተያዩ ይግባባሉ፤ ማናሴ ትከሻውን በጥቂቱ ሲያዘነብል አብዱልጀባር ማን በየት እንደ መጣ ያውቃል። ወረርሽኙ መጥቶ ሜዳው ሲዘጋ፣ ማናሴ አብዱልጀባር ከሚሠራበት ከሀጂ ሱቅ ዕቃ ሊጭን በመጣ ቁጥር ጭምብላቸውን እንዳጠለቁ በክምሮቹ መካከል ጎንበስ ብለው ይገፋፉ ነበር። ሀጂ ከመነጽራቸው በላይ አይተው «እነዚህን በሬዎች ማን ፈታቸው?» ይላሉ።

በወረርሽኙ በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወር፣ በባሕሩ ዳርቻ ከተሞች የተነሣው የሱቅ ዝርፊያ ጆሃንስበርግ ደረሰ። ሰኞ ጧት ሀጂ ደወሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ጫማ መሸጫ መሰበሩን፣ ፖሊስ የሚባል አለመታየቱን ነገሩት፤ ቀጥለውም «ልጄ፣ በሩን ያዝልኝ። የምታምናቸውን ሰዎች ይዘህ ና» አሉት። የሚነሣ ዕቃ ሳይኖር ልጄ ሲሉት ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ወይም እርሱ እንዲያ መሰለው።

አብዱልጀባር ለመስመሩ ሰዎች ደወለ። ሦስቱ እዚያው መሐል ከተማ ስለሚኖሩ ወዲያው ደረሱ። ማናሴ ግን ከቶኮዛ መምጣት ነበረበት። ፊቤ የራሳችንንስ በር ማን ይይዘዋል ብላ ነበር፤ እርሱም ቶኮዛ እስካሁን ሰላም ነው፣ ጎረቤቶቹም ደንበኞቻችን ናቸው ብሎ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። አብዱልጀባር በስልክ የነገረው ይህን ብቻ ነበር፤ «አጎቴና ሙሰብ ከውስጥ ናቸው። የምንጠብቀው ሰው ነው፣ ብርድ ልብስ አይደለም።» ማናሴ ከዚህ በላይ አልጠየቀም።

ሀጂ የብረት መዝጊያውን ከውስጥ ከማውረዳቸው በፊት እጃቸውን በአብዱልጀባር ደረት ላይ አኑረው «እኛ ከኋላህ ነን» አሉት።

አምስቱ በመዝጊያው ፊት ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። አብዱልጀባር ዱላ አስጥሏቸው ነበር፤ ዱላ ያየ ሕዝብ ቤንዚን ያመጣብናል ብሎ ፈርቶ። በባዶ መዳፍ፣ ክርናቸውን ሰብስበው፣ የሚመጣውን ደረቱ ላይ ተቀብለው እንደ ሜዳው ይመልሱት ጀመር። ማንንም አልመቱም፤ ማንንም አልጨበጡም። ከሚገፏቸው መካከል ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ልብስ ከዚያው ሱቅ የገዙ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ «ሳውቦና ጀባር» ብላ ሰላምታ ከሰጠችው በኋላ ገፋችው። ከዚያ ድንጋይ መጣ። የአብዱልጀባር ቅንድብ ተከፍቶ ደሙ ጭምብሉን አራሰው። አልተንቀሳቀሰም።

ከጀርባቸው፣ ከመዝጊያው ውስጥ፣ ከባድ ነገር ሲጎተት ይሰማ ነበር። አብዱልጀባር ሀጂና ሙሰብ ክምሩን በሩ ላይ እየደገፉት ነው ብሎ አሰበ፤ ልቡም ሞቀ። ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። የማናሴ ስልክ በኪሱ ውስጥ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። ማናሴ እጁን ከፊቱ አላወረደም።

ከቀትር በኋላ፣ ከማዶ ሲጋራ በነጠላ የሚቸረችረው ሰውዬ ተጠግቶ እየሣቀ አብዱልጀባርን አነጋገረው። «ምን ትጠብቃለህ፣ ቡቲ፣ ወንድሜ? የአጎትህ ባኪ በጓሮ ጭና ወጥታለች፤ ተመልሳም ጭናለች። አኩኮ ሉቶ፤ ውስጥ ምንም የለም።» ባኪ የሚሏት ሀጂ ዕቃ የሚያመላልሱባት ጀርባዋ ክፍት መኪና ናት።

«ዞር በልና መዝጊያውን አንኳኳ እስቲ» አለ ማናሴ በዝግታ።

«ሊያስዞረን ነው» አለ አብዱልጀባር። «ከኋላችን ናቸው።»

ቆሙም።

ወደ ማታ የወታደር መኪኖች በጎዳናው ሲያልፉ ሕዝቡ ተበተነ። አብዱልጀባር ያን ጊዜ መዝጊያውን አንኳኳ። መልስ አልነበረም። በጓሮ ቢዞር በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ በመስኮቱ ፍርግርግ ሲያይ ራቁቱን የቀረ መደርደሪያ አየ። ለሀጂ ደወለ፤ አላነሡም። ሙሰብ አነሣ።

«ብሮ፣ ሁሉ ነገር ሴፍ ነው» አለ ሙሰብ። «ዕቃው ሜይፌር ቤት ገብቷል፤ ፋዘርም ሻይ እየጠጣ ነው። እናንተ አሁንም እዚያ ናችሁ እንዴ?»

ማናሴ ከአጠገቡ ቆሞ ሰምቷል። ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ደወለ። ፊቤ ከጎረቤት ቤት ሆና ነበር የምትናገረው። ሱቃቸው ተገንጥሎ ዱቄቱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ መደርደሪያው ሳይቀር ሄዷል። ማናሴ «አንቺ ደኅና ነሽ?» ብቻ አላት። ከዚያም በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያገላብጥ ጀመር። አብዱልጀባርን ቀና ብሎ አላየውም።

ከሳምንት በኋላ ዐረፋ ሆነ። በወረርሽኙ እገዳ ምክንያት የሀጂ እንግዶች ጥቂት ነበሩ። ሀጂ ነገሩን ከመጀመሪያው ተረኩ፤ ባኪዋን በጓሮ የማስጠጋቱን ዘዴ ያመጣው ሙሰብ መሆኑን፣ አንዲት ጥቅል እንኳ አለመጥፋቷን። እንግዶቹ ሙሰብን መረቁት። በመጨረሻ ሀጂ ሥጋውን ወደ እኅታቸው ልጅ ገፋ አድርገው «ጀባርም በሩ ላይ ነበር» አሉ።

«አጎቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለ አብዱልጀባር።

ሀጂ አልተቀየሙም፤ መልሳቸውም ምስጋና መስሏቸው ነበር። «ብነግርህ እንዲያ ትቆም ነበር? ለባዶ ቤት ብሎ የሚደማ ማን አለ? ፊት ለፊቱን እንዲያ ባትይዙልን ኖሮ እኛ በጓሮ ምን እናወጣ ነበር?»

«እኔ እቆም ነበር። ማናሴን ግን አልጠራውም ነበር።»

ሙሰብ ስልኩን ያይ ጀመር። የሀጂ ባለቤት ሸፊቃ ሳህኑን ሞልታ «ብላ እንጂ ልጄ» አለችው፤ እርሱም የተሰጠውን በላ።

በማግሥቱ ሀጂ ለማናሴ ሁለት ብርድ ልብስ ላኩ፤ አድራሹም አብዱልጀባር ነበር። ቶኮዛ ሲደርስ ማናሴ አልወጣም። ፊቤ በሩ ላይ ተቀበለችውና አንደኛውን መልሳ በክንዱ ላይ አደረገችለት። «ይኼኛውን አንተ ልበሰው» አለችው። «አንተም እኮ ደጅ ነው የቆምከው።»

እገዳው ሲላላ ሜዳው ተከፈተ። አብዱልጀባር ከሱቁም አልወጣም፣ ከክለቡም አልቀረም፤ ሌላ የሚያውቀው ቦታ አልነበረውም። ማናሴ ግን አልመጣም፤ እሑድን ጨምሮ በሌላ ሰው ሱቅ ከፍርግርግ ኋላ ቆሞ በደመወዝ ይሸጣል። በእርሱ ቦታ የገባው ተማሪ ብርቱ ነበር፤ ትከሻው ግን ለአብዱልጀባር ምንም አይነግረውም።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ክብ ሲሠሩ ሙሰብ ረጅም እንደሚወረውር፣ ጥቂት ፋታ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። «ጀባር፣ ያንተን በኩል ያዝልኝ። እዚሁ ነኝ» አለው፤ የራስ ቁሩንም መታ መታ አደረገለት።

ኳሱ ተነሣ። ከወዲያ የመጣው ሰው ከባድ ነበር። አብዱልጀባር ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ ክርኑን ሰብስቦ፣ እንደሚገባው ተቀበለው፤ እግሩም አልከዳውም። ከኋላው ግን ምንም አልተሰማም። ሕዝቡ ዝም ብሏል። እንደዚህ ያለ ዝምታ አንድ ቀን ከመዝጊያ ኋላ ሰምቶ ያውቃል።

ዞሮ አየ።

ሙሰብ እዚያው ነበር፤ እጁን አንሥቶ፣ ጀርባውን ለግራው ሰጥቶ፣ እሆናለሁ ካለበት ቦታ አንዲት እርምጃ ሳይዛነፍ። ባላጋራው በዚያች ቅጽበት በአብዱልጀባር ትከሻ በኩል ሾልኮ አለፈ። አብዱልጀባር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ዘርግቶ የሰው ልብስ ጨበጠ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ሁለቱም ሙሰብ ላይ ወደቁ። ፊሽካ ተነፋ፤ ድምፅ ማጉያውም የአብዱልጀባርን ቁጥር በሜዳው ላይ ጠራ።

ሙሰብ ከአፉ ሣር እየተፋ ተነሣ። «ምን ሆነህ ነው? ምን ልታይ ዞርክ?»

«መኖርህን» አለ አብዱልጀባር።