ቅዳሜ ብዙ ያወራል

ልጄ አበዛሽ በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ዳነች፤ መስማት ግን አልቻለችም። አባቷ ሸዋንግዛው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከአሮጌ ሬዲዮኖች ዕቃ ለቃቅሞ አንድ ሳጥን ሠራላት፤ ማይክሮፎን፣ ቺፕ፣ የባትሪ ድንጋይና ጠቋሚ መርፌ ያለው። ሰው ሲናገር መርፌው ይነሳል፣ ዝም ሲል ይተኛል። ከጉልበቱ ላይ ተቀምጣ ድምፁን በዓይኗ ታየው ነበር።

ከዚያ ለሥራ ኦሞራቴ ወርዶ ወባ ያዘው። እዚያው ተቀበረ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር ለቀብሩ አልደረስኩም። ለአበዛሽ ኦሞራቴ መሄዱን ነገርኳት። ከዚያ በላይ ያለውን የምነግርበት ምልክት በመካከላችን አልነበረም።

ከመታመሟ በፊት የለመደችው ንግግር ቀስ በቀስ ከአፏ ይጠፋ ጀመር። የራሷን ስም እንኳ «አበዛ» ትለዋለች። «ሽ» የለችም። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ አስካል ቤት ድረስ መጥታ አነጋገረችኝ።

«እኔ እቀበላታለሁ፣ እትዬ ዘሪቱ። ብቻ የምትለው ለሰው ይግባ። አለዚያ ከኋላ ወንበር ግድግዳ ስታይ ዓመቱ ያልቃል።»

«ሽ» ስትል መርፌው ሲነሳ ካየች ቃሏን መልሳ ትይዘዋለች ብዬ ሳጥኑን አወጣሁ። ነገር ግን ሸዋንግዛው ካለፈ በኋላ ጎረቤታችን ሻንቆ ከአጥራችን ጀርባ የናፍጣ ወፍጮ ተክሎ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ መርፌውም ተነስቶ ይቆማል፤ የልጄን ድምፅ ከሞተሩ መለየት አይቻልም። ሻንቆን ለመንኩት።

«ቲቸር፣» አለኝ ዱቄት ከቅንድቡ እየጠረገ፣ «ወፍጮው ከቆመ ሴቶቹ በቆሎውን ትተው እኔን ነው የሚፈጩኝ።»

«ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ጋሽ ሻንቆ።»

«ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ልሜ አልቄ ታገኚኛለሽ።»

ስለዚህ ሳጥኑን ማስተካከል የኔ ፈንታ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ እዚህ ጂንካም የማስተምረው እሱኑ ነው። የወፍጮው ድምፅ ወፍራም፣ «ሽ» ደግሞ ቀጭን ናት። በማይክሮፎኑና በቺፑ መካከል አንድ ካፓሲተርና አንድ ሬዚስተር ቢገቡ ወፍራሙ ይታገዳል፣ ቀጭኑ ያልፋል።

ክዳኑን ስፈታ አበዛሽ እጄን ያዘችኝ። የሬዲዮ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው ሁለት ጣቶቿን አዞረች። ለእኛ ይህ «አባባ» ማለት ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ የቆመውን መርፌ አሳየችኝ።

«አባ ያወራ» አለች። «ኦሞ። ቅዳሜ ብዙ።»

ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ወፍጮው ሲያጉረመርም ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳጥኑ ሥር የማትነሳው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ስሟን ስጠይቃት «አበ» አለችኝ። «ዛ»ም ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ከፈትኩ። ሬዚስተሩን በመጽሐፍ እንደለመድኩት ከባትሪው ኃይል እኩሌታ ጋር አገናኘሁት። በአንድ ባትሪ የሚሠራ ማጉያ እንዲህ ነው የሚታሰረው፤ ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝበት ቦታ እንዲያገኝ። የሸዋንግዛው ቺፕ ሥራ ግን ሌላ ነበር። የሞገዱን የታች ግማሽ ቆርጦ የላዩን ብቻ ያስቀራል፤ ለዚያ ደግሞ መነሻው ዜሮ መሆን አለበት። እኔ ባሰርኩት አስተሳሰር መርፌው እኩሌታ ላይ ወጥቶ ቀረ። ሻንቆ ለምሳ ሞተሩን ሲያጠፋም አልወረደም።

አበዛሽ አጨበጨበች። አባቷ ዛሬ አያቋርጥም።

ጥፋቱ የትኛው ሽቦ ላይ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ሳልነካው ምሳዋን አቀረብኩላት። አንድ ጉርሻ ለራሷ፣ አንድ ለሳጥኑ እያሳየች እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ወፍጮው እንደገና ሲነሳ ሽቦውን ነቅዬ ዜሮ ላይ በየድኩት።

መርፌው ተኛ።

መስታወቱን በጣቷ ቆረቆረች። ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብላ «አባ» አለች። መርፌው ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ። እኔ ተጠግቼ «ሽ» አልኩ፤ መርፌው ዘለለ። እሷ ግን መርፌውን አላየችም፤ የምታየው ፊቴን ነበር።

እጇን ይዤ ወደ ሻንቆ ሄድኩ። መዳፏን የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አኖርኩት። ይንቀጠቀጣል። ሻንቆን በዓይኔ ለመንኩት፤ ሞተሩን አጠፋው። ግድግዳው ጸጥ አለ። መዳፏን አንስታ አየችው፤ ከዚያ ወደ ቤታችን ዞረች፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ። ቆይታ ሁለት ጣቶቿን አዞረችልኝ። አባባስ?

እጇን ወስጄ ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ሞተ» አልኳት።

ሰው ሲጠይቀኝ «አረፈ» ነበር የምለው። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። መሬቱን አሳየኋት፤ እንደገና አልኩት። አንዱን እጇን ከጉሮሮዬ ሳታነሳ ሌላውን የራሷ ጉሮሮ ላይ አደረገች።

«ሞ… ተ።»

ሻንቆ ከሞተሩ አጠገብ ቀና አለ። «ቲቸር፣ ጥርት አድርጋ ተናገረች እኮ» አለ፤ ከዚያ ያለችው ገባውና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

አበዛሽ እንድደግምላት ጉሮሮዬን ጫን አደረገችው። ደገምኩላት።