ሙቁ ጥግና ቀዝቃዛው ጥግ

ሰፈሩ «እትዬ ጫጩት» የሚላት ጫጩት አስፈልፋይ በዕድሜዋ ያላየችው ቆሻሻ የለም። የዶሮ ኩስ በእጇ ዝቃለች፤ የገማ እንቁላል ፊቷ ላይ ፈንድቶባት ጠርጋው ሥራዋን ቀጥላለች። ልጇ ከባሏ ተፋታ ወደ ቤት የተመለሰች ቀን ግን ከገዛ ደጃፏ ወደ ኋላ ሸሸች። ልጅቷ ከሻንጣዋ ሌላ አንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ታቅፋ ገባች፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ ነገር ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እባብ ነው፣ እማዬ። መርዝ የለውም። ሆዴ ነው የምለው።»

ሆዴ! የወለደቻትን እናቷን አንድ ቀን ሆዴ ብላ የማታውቅ ልጅ፣ ይህን አንገቱ ከወገቡ የማይለይ፣ ዓይኑን የማይከድን፣ ምላሱ መንታ የሆነ ነገር ሆዴ ትለዋለች።

«ከዚህ ቤት ይውጣልኝ!»

«እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አለች ልጅ፣ ሻንጣዋን እንኳ ገና ሳታሳርፍ።

ለባሏም ይህንኑ ብላው፣ እሱ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብሏት ነው የመጣችው። እናት ግን እንዲያ የሚል አንጀት አልነበራትም። ልጇ ከተዳረች ወዲህ በዚያ ቤት ከጫጩት በቀር የሚንጫጫ ጠፍቶ ነበር። እራቷን ቆማ ከድስቱ እየጠረገች ነበር የምትበላው፤ ለአንድ ሰው ሳህን ማቆሸሽ ምን ያደርጋል? «የጥጉ ክፍል ባዶ ነው» አለች።

ልጅ ለራሷ አልጋ አንሶላ ሳታነጥፍ ከሰዓቱን ሙሉ የእባቡን ቤት ስታሰናዳ ዋለች። ከሳጥኑ ሥር፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ስስ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለጠፈች። ማሞቂያውን ከመቆጣጠሪያ ጋር አያያዘችውና የመቆጣጠሪያውን የመለኪያ ሽቦ ጫፍ እዚያው ማሞቂያው ላይ በፕላስተር አጣበቀች፤ ጫፉ ሲግል ማሞቂያው ይጠፋል፣ ሲበርድ ይበራል። ከውስጥ የዛፍ ቅርፊት ፍቅፋቂ ነሰነሰች፤ በሙቁም በቀዝቃዛውም ጥግ መደበቂያ ደፋች፤ ውሃውን በቀዝቃዛው በኩል አኖረች።

«የራሱ ሙቀት የለውም» አለች። «ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲሞቀው ወደዚያ ይሄዳል።»

«የራሱ ሙቀት ከሌለው ምኑን ኖረው?» አለች እናት፣ ከደጃፉ ሳታልፍ።

ይህም ሳያንስ ልጅ ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ በላስቲክ የታሸጉ፣ ጭራቸው እንደ ሽቦ የደረቀ አይጦች ከሥጋው አጠገብ ደረደረች። ምግቡ ናቸው አለች። እናት ሥጋውን አውጥታ ጣለችው፣ ማቀዝቀዣውን በበረኪና አጠበችው፣ ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ማቀዝቀዣ የወጣ ነገር አልቀመሰችም። ልጅ እራት ስታቀርብ ግን ከፊት ለፊቷ ትቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ አይጡንም እባቡንም ትረሳዋለች።

ከዚያ ልጅ ከመሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላከች።

«በልቷል፤ ምንም አይፈልግም» አለች ስትወጣ። «ውሃ መኖሩን ብቻ እይልኝ። አደራሽን፣ እማዬ።»

በማግስቱ ጠዋት እናት አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ገባች። እባቡ በቀዝቃዛው ጥግ ክብ ሠርቶ ተኝቷል። መስታወቱን ከውጭ በጣቷ ጫፍ ነካች፤ ቀዝቃዛ ነው። «ይሄን ያህል ተምራ!» አለች ለራሷ። ጫጩት ቢሆን ይሄኔ ድርቅ ብሏል። እሷ በጫጩት ቤቷ መለኪያውን የምትሰቅለው ከአምፖሉ በጣም ከራቀው ጥግ ነው፤ የራቀችው ጫጩት ከሞቃት ሁሉም ሞቃቸው ማለት ነው። በዚህ አሠራር አንድም ጫጩት በብርድ አልሞተባትም።

ስለዚህ የመለኪያውን ጫፍ ከማሞቂያው ላይ ላጠችና በቀዝቃዛው ጥግ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ሙቀቱ እንዳያመልጥም ክዳኑን በብርድ ልብስ ሸፈነችው። እጇን ሦስቴ በሳሙና ታጠበች። አስጠልቷትም ቢሆን የልጇን አደራ በመወጣቷ ደስ ብሏት ወደ ጫጩቶቿ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ በሩን ስትከፍት የተቀቀለ የዛፍ ቅርፊት ሽታ አፈናት። መለኪያው በቀዝቃዛው ጥግ ገና ብርድ እያነበበ ማሞቂያውን ለአፍታም አላጠፋውም ነበር። ጫጩት ሲሞቀው ይሸሻል፣ ይጮኻል። ይሄ ዲዳ ግን ሙቀት ፈልጎ ወደዚያ ተስቦ፣ ሆዱ ሲቃጠል ሳይታወቀው ከጋለው መስታወት ላይ ተኝቶ ኖሯል፤ የሆዱ ቅርፊት ተልጦ፣ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሯል። አሁን አፉን ከፍቶ አፍንጫውን ከክዳኑ ጋር ይፈትጋል። እናት ሶኬቱን ነቀለችና ልጇ ጋ ደወለች።

«ነይ፤ እባብሽን አቃጠልኩት።»

«ከዚያ አውጪው!» ብላ ጮኸች ልጅ። «ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጊው፤ መጣሁ!»

ጩኸቱን የሰማው ጎረቤቷ አናጢው በበሩ ብቅ ብሎ ሳጥኑን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«መጥረቢያ ላምጣልዎት?»

«መጥረቢያህን ለራስህ!»

ሳፋ ለብ ባለ ውሃ ሞላችና እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። እርጥብ ይሆናል ብላ ነበር፤ ደረቅ ነው፣ ከቆዳው ሥር ግን ሥጋው ይርመሰመሳል። ክንዷ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ከጭራው ሥር ነጭና ቢጫ ዝቃጭ እጅጌዋ ላይ፣ ጭኗ ላይ ለቀቀባት። የገማ እንቁላል ከዚህ ጋር ሲተያይ ሽቶ ነው። ትውከት ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ አፏን የምትይዝበት እጅ ስላልነበራት መልሳ ዋጠችው። ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ክንዷን ከነእባቡ ነከረች።

ልጅ ስትደርስ መሽቶ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ብርድ ልብሱን ነው፣ ቀጥሎ ከቦታው የተነሳውን መለኪያ።

«ሆን ብለሽ ነው!»

«እንደ ጫጩት መስሎኝ ነው፣ ልጄ።»

«ተይኝ! ከመጣንበት ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አትፈልጊም። ቢሞትልሽ ግልግል ነበር።» ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። «አምጪው፤ ሐኪም አሳይቼው በዚያው እሄዳለሁ።»

ልጅ እባቡን ከእናቷ ክንድ ልትፈታ ጎንበስ ስትል ሽታው ፊቷን መታው። ታውቀዋለች፤ እባቡ የሚለቀው ፈርቶ ሳለ በእጅ የያዘው ሰው ላይ ነው። ዝቃጩ ቀሚሷ ላይ፣ ጭኗ ላይ ደርቆ ተጋግሯል። የእናቷ ጣቶች በውሃ ብዛት ነጥተው ተጨማደዋል።

«እማዬ… እስካሁን ይዘሽው ነው?»

«አልለቅ አለኝ። ባስለቅቀው ደግሞ ውሃው ውስጥ የሚሰምጥ መሰለኝ።» ክንዷን ከውሃው አንስታ ዘረጋችላት። «በይ ውሰጂልኝ፤ አሁንስ አልቻልኩም።»

ልጅ እባቡን ቀስ አድርጋ ፈትታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። እናት እጇ ነጻ እንደወጣ ሳፋው ላይ ተደፋች፤ ቀኑን ሙሉ ስትውጠው የዋለችው ሁሉ ወጣ። በመሀል ቀና ብላ፣ ዓይኗ እንባ እንደሞላ፣ አፏን ሳትጠርግ ጠየቀች፦

«ትሄጃለሽ?»

ልጅ በአንድ እጇ እባቡን ይዛ በሌላው የእናቷን ግንባር ደገፈች።

«ሐኪም ጋ ደርሼ እመጣለሁ፣ ሆዴ» አለቻት። «ጎንበስ በይ፣ ይውጣልሽ።»