ያልተነቀለው ጥርስ

ጠዋት ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ፤ ቆጮ በሻይ ቀምሼ በእግሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሥራዬ ዲላ ውስጥ፣ ከየወረዳው የሚመጣ ቡና መቅመስ ነው። አምና ግን አፌን ለመክፈት መንጋጋዬን በመዳፌ ማሸት ነበረብኝ። ራስ ምታቱም ከእኔ ቀድሞ ይነቃ ነበር።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ በግራ በኩል መንጋጋ ጥርሴን ነቀሉልኝ። ሕመሙ አልሄደም። አንድ ሰኞ የአሪቻ ቀበሌን ቡና ከወርቃ ቀበሌው መለየት ሲያቅተኝ፣ አለቃዬ እንድርያስ ስኒዎቹን አነሳ። በሥራዬ ብዙ እንደማልቆይ ገባኝ። የሚቀጥለውን ጥርስ ላስነቅል ሌላ የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ፈድሉ ጋ ሄድኩ።

አፌን በመብራት አየ፤ ጉንጬንና ጆሮ ግንዴን በጣቱ ተጫነ።

"ይሄ ጤነኛ ነው፤ አልነቅለውም።"

"ያመኛል እኮ።"

"የሚያምዎት ጡንቻው ነው፣ እትዬ ሸዋአለም። ተኝተው ጥርስዎን ያፋጫሉ፤ ጫፉ ተበልቶ ለጥ ብሏል። ሰምቶ የነገረዎት የለም?"

"ባለቤቴ ሰብስቤ አርፏል።"

"እሳቸው ነግረውዎት ያውቁ ነበር?"

"በጭራሽ።"

ሕመሙ ከሰብስቤ ሞት ወዲህ እንደጀመረኝ ሁለታችንም ገባን። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ይህን አልረሳለትም።

በር ላይ ተራ የሚጠብቁ የቡሌ ሽማግሌ "ዶክተር፣ ካልነቀልክበት ጉጠቱን ለአናጢ ሽጠው" አሉ።

"ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ፣ አባባ።"

የጥርሴን ቅርጽ በሊጥ መሰል ነገር ወሰደ። ስመለስ ላይኛው ጥርሴ ላይ የሚገባ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሠርቶ ጠበቀኝ። ቀለም ያለው ወረቀት ያስነክሰኛል፤ ቀለም የበዛበትን ቦታ ይፍቃል፤ መልሶ ያስነክሰኛል።

"አሁንስ?"

"ቀኝ በኩል ትንሽ።"

ይፍቃል። ደጅ ሰው በዝቷል፤ እሱ ግን ሁለቱም ወገን እኩል እስኪነካ አልለቀቀኝም።

ማታ ማታ አድርጌው መተኛት ጀመርኩ። ራስ ምታቱ እየቀነሰ ሄዶ ተወኝ። ፕላስቲኩን መልሼ ሳሳየው ጭረቱን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየ።

"ማፋጨቱን አልተዉም" አለኝ በቀስታ። "አሁን ይሄ ይችልልዎታል።"

ዛሬ ጠዋት የአሪቻውን ከወርቃው ለየሁ። እንድርያስ አላመነም፤ ስኒዎቹን አቀያይሮ ሰጠኝ። ደግሜ ለየሁ።

"ተመለስሽ" አለ።

መንጋጋዬን አያመኝም። የጎደሉት በግራ በኩል በከንቱ የተነቀለው ጤነኛ ጥርስና ሰብስቤ ናቸው።