እውነተኛዋ ደዋይ

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከኢንተርኔት ድርጅቱ ነው የምደውለው። ኮምፒውተርዎ ላይ...»

ዘጋባት። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ አሥራ ሰባተኛው መሆኑ ነው።

የቢሮ ባልደረቦቿ «ትዕግሥቴ» ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ደንበኛ ሲሰድባት እንኳ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምተው ስለማያውቁ ነው ያወጡላት። ዛሬ ግን ስሙን ልትመልስላቸው ምንም አልቀራትም። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና ከዝርዝሩ አንድ መስመር ሰረዘች።

ዝርዝሩን ጠዋት ያመጣላት አለቃዋ ነው። አርባ ደንበኞች አሉበት። የሁሉም ኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶበት፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ከሩቅ እንደ ልቡ ያዝዘዋል። ሰውዬው እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮችን በሺዎች ሰብስቦ «ላክ» ሲላቸው ይልካሉ። የሰውን ኢሜይል የሚያጥለቀልቀው ቆሻሻ መልእክት አብዛኛው የሚመጣው ከእነሱ ነው። በዚህ የተነሳ ሌሎች ድርጅቶች ከእነ ትዕግሥቴ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ኢሜይል ሁሉ አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። የሐኪም ቀጠሮ ይሁን የሥራ ማመልከቻ፣ ሳይለይ እየተመለሰ ይመጣል።

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መላኩን ያላቆመ ይቆረጣል» ብሏታል አለቃዋ። «መስመሩም የኢሜይል ሳጥኑም አብሮ ነው የሚዘጋው። አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ለማስከፈት ሦስት ሳምንት ነው። ደውዪና አስረጂያቸው።»

አስረጂ! አንዱ «ሌባ» ብሏት ዘጋ። አንዱ እናቷን ጨምሮ ሰደባት። አንዲት ሴት ደግሞ ከሚገባው በላይ አመነቻትና ማንም ሳይጠይቃት የባንክ የምስጢር ቁጥሯን መዘርዘር ጀመረች። «ኧረ እህቴ፣ አይንገሩኝ! ለማንም አይንገሩ!» ስትላት ሴትዮዋ ተቀይማ ዘጋችባት።

ሃያ ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ሁለት ጊዜ ዘጉባት። በሦስተኛው ግን ጆሮ ሰጧት።

«መልእክት እልካለሁ ነው የምትዪኝ? የምን መልእክት?»

ትዕግሥቴ ወረቀቱን አየች። «ትናንት ብቻ ከእርስዎ ኮምፒውተር ሠላሳ አንድ ሺህ ኢሜይል ወጥቷል። ስለ... የወንድ ጉልበት ስለሚጨምር ክኒን ነው።»



«አርባ ዓመት ሙሉ ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

«ከአፍዎ አይደለም እማማ፣ ከኮምፒውተርዎ ነው።»

«እማማ አትበይኝ። እኔ አላሳደግሁሽም።»

«እሺ፣ መምህር። በቅርቡ የማያውቁት ነገር ከፍተው ነበር?»

«ዕቃ ተልኮልዎታል የሚል ኢሜይል መጥቶልኝ ነበር። ልጄ የላከው መስሎኝ ከፈትኩት። ባዶ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ወደብ ሲደርሱ ይጽፍልኛል። ነገ ጠዋት ይደርሳሉ፤ ከዚያ እንደገና አንድ ወር ባሕር ላይ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው የምጨቀጭቅዎት! ኮምፒውተሩን ከመስመሩ ካልነቀሉት...»

«ጎበዝ! የልጄን ሥራ አስለፈለፍሽኝ። ቀጥለሽ ገንዘቤን የት እንደማስቀምጥ ልትጠይቂኝ ነው» አሉና ጆሮዋ ላይ ጠረቀሙት።

ትዕግሥቴ ተነስታ አለቃዋ ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

«የአንዷን እስከ ነገ ማታ ማቆየት አይቻልም?»

«ለአንዷ ካቆየን ለአርባውም ነው።»

«ቤታቸው መንገዴ ላይ ነው። ስወጣ ጎራ ብልስ?»

«እንዳታስቢው! ባለፈው ወር የእኛን መታወቂያ አስመስሎ ሠርቶ ደንበኛ ቤት የገባውን ሌባ ረሳሽው? ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ደጃፍ የተገኘ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤው ነው የሚጠብቀው። በጽሑፍ ተነግሮሻል፤ ፈርመሻል።»

ፈርማለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነበር። አውቶቡሱ መምህርቷ ሰፈር ሲደርስ ግን ከወንበሯ ተነሳች፤ በራሷ እየተናደደች ወረደች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንኳኳች። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ ማያ መስታወት ጠቆረች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ቅድም የደወልኩልዎት።»

«ጭራሽ ቤቴ ድረስ መጣሽ!»

መታወቂያዋን አውጥታ አሳየቻቸው።

«ይሄንን እኮ እዚህ ታች ያለው ፎቶ ቤት በአሥር ደቂቃ ይሠራዋል» አሉ ከውስጥ።

እውነታቸውን ነው። ትዕግሥቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው እርስዎ ለድርጅቱ ይደውሉ። እኔ በምሰጥዎት ቁጥር ሳይሆን፣ ደረሰኝዎ ላይ ባለው።»

ዳናቸው ራቀ፤ ቆይቶ ተመለሰ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተውታል። «ጥሪዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው። እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» አለ የተቀዳው ድምፅ፤ ሙዚቃው ቀጠለ። ትዕግሥቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የገዛ መሥሪያ ቤቷን ሙዚቃ ከተዘጋ በር ማዶ ስትሰማ አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ። ያቺ ሙዚቃ ይህን ያህል የምታንገበግብ መሆኗን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች። ትዕግሥቴ ድምፅዋን ወዲያው ለየችው፤ ከእሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ የምትቀመጠው ባለሻርፗ ነች።

«እኛ ደንበኛ ቤት ሠራተኛ አንልክም» አለች ባለሻርፗ ጥርት ባለ ድምፅ። «አጭበርባሪ ነች። በሩን እንዳይከፍቱላት። ስሟን ወይ የመታወቂያ ቁጥሯን ካወቁ ነገ ጠዋት ሪፖርት ያድርጉልን።»

ትዕግሥቴ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ሰማሽ?» አሉ መምህርቷ።

«ሰማሁ። ትክክል ነው የነገረችዎት፤ አይክፈቱ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ምንም!» ጮኸች፤ ድምፅዋ ደረጃውን ሞላው። «ቤትዎ መግባት አልፈልግም! ገንዘብዎን አልፈልግም! የምስጢር ቁጥርዎንም አልፈልግም! ከኮምፒውተሩ ጀርባ የገባውን የኢንተርኔት ገመድ ይንቀሉት፤ በቃ! ነቅለው ያስቀምጡት የሚል ሌባ የት አይተው ያውቃሉ? የልጅዎን ደብዳቤ ነገ ኢንተርኔት ካፌ ሄደው ያንብቡት። ኮምፒውተሩን የፈለጉት ባለሙያ ያጽዳልዎት። እኔን አይሁን!»

ትዕግሥቴ ስልኳን አየች፤ ለአሥራ ሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። ከላይ ፎቅ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ይሄኛው ያስኬዳል» አሉ መምህርቷ፤ ሰሌዳ ፊት ለቆመ ተማሪ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «ሰማያዊው ነው?»

«ሰማያዊው።»

«ነቀልኩት።»

የትዕግሥቴ ትከሻ ወረደ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ልትሄድ ቦርሳዋን አነገተች።

«ቆይ፣ የት ትሄጃለሽ! ሪፖርት አድርጊ ተብያለሁ፤ የተባልኩትን አደርጋለሁ። እስቲ መታወቂያሽን መልሰሽ አሳዪኝ፤ ቁጥሩን ልጻፈው።»

ደረጃው ባዶ ነው። አሁን ብትወርድ የሚከተላት የለም። የሆነ ቁጥር ጠርታላቸው ብትሄድም ይቻላል። ግን ነገ ጠዋት ሲደውሉ «በዚህ ቁጥር የሚታወቅ ሠራተኛ የለንም» ይሏቸዋል። ያኔ መምህርቷ ሌባ ነበረች ብለው ገመዱን መልሰው ይሰኩታል፤ መስመሩም ይቆረጣል።

መታወቂያውን አወጣችና ማያዋ ፊት ያዘችው። ከውስጥ የእርሳስ መጫር ተሰማ።

«መጨረሻዋ አልታየችኝም። ሦስት ናት ስምንት?»

«ስምንት» አለች፤ መታወቂያውንም ወደ መስታወቷ አስጠጋችው።